የእኔ ትከሻና የዛኪያ ሽማግሌዎች

በስምንት ዓመቴ አውራ ጣቴን ወደ ኋላ አጥፌ ክንዴ ላይ ማስተኛት፣ እግሬን አንስቼ ማጅራቴ ላይ ማሳረፍ፣ የክርኔን ቆዳ እንደ ካልሲ መጎተት እችል ነበር። ኤምሬትስ አገር፣ አል አይን ከተማ፣ አል ጂሚ ሠፈር፣ እኛ በምንኖርበት ጎዳና ላይ ይህን የሚችል ሌላ ልጅ አልነበረም፤ ሞክረው ያለቀሱ ግን ነበሩ። ይህን ነገር ሀብት ነው ብዬ አምን ነበር። እምነቱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። ሳታውቀው ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ጠይባ ከወሎ ስትመጣ ብዙ ነገር ትታ መጥታለች፤ የሰው ዓይን ፍርሃቷን ግን አልተወችም። በቤታችን ጥሩ ነገር ይደበቃል። አባቴ ያህያ የገዛላት የወርቅ አምባር ከእጅጌዋ ሥር ወጥቶ አያውቅም። አባቴ ደመወዝ ሲጨመርለት ለጎረቤት "ሊያባርሩት ነው መሰለኝ" ብላ አወራች። እኔ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ዕለት እንኳን ደስ ያለሽ ላሏት ሴቶች "ኧረ ተዉኝ፣ ይህቺ ደንቆሮ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ "ረውዳ፣ ጣትሽን ሰው ፊት እንዳታጣጥፊ" ስትለኝ ነገሩ ግልጽ ነበር። የሚደበቀው ጥሩ ነገር ነው፤ ይሄን ደግሞ ከወርቁም ከደመወዙም አጥብቃ ስለምትደብቀው ከሁሉም የላቀ መሆን አለበት።

አጎቴ አሚንም ማስረጃዬ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። በር ሲገባ የሚያጎነብስ ረጅም፣ ጣቶቹ መለሎ፣ በየሰርጉ ክንዱን ከጀርባው ጠምዝዞ ሰው የሚያስቅ ልጅ ነበር አሉ። አንድ ቀን ገበያ መሐል "ደረቴን" ብሎ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። "ዓይን በላው" ትላለች እናቴ፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። እኔም ከዚህ የተማርኩት እንዲህ ያለ ችሎታ ማሻአላህ ለማይል ሰው እንደማይታይ ነው።

ሰው ነውሬ የሚለውንም እንደ ወርቁ አድርጎ እንደሚደብቅ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለካ አክስቴን ዛኪያን አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮባት፣ እሺ ተብሎ፣ ልብስ ሁሉ ከተገዛ በኋላ ከደሴ አንዱ ደውሎለት "እነሱ እኮ ክንዳቸው የሚወላልቅ ዘር ናቸው" ሲለው ቀርቷል። ዛኪያ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ያን ጊዜ አቡዳቢ፣ አል ባጢን፣ አንድ ቪላ ውስጥ ልጅ ታሳድግ ነበር። ዕድሜዋ ሄደ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ የሚሉትም ሆን ብለው እናቴ እየሰማች ነው። በስምንት ዓመቴ ሁለተኛ ጠያቂ መጣላት። ሙንዲር ይባላል፤ እዚያው አል ባጢን የሚሠራ ሹፌር ነው። እናቴ ይሄ ካመለጠ ሌላ አይመጣም ብላ ምግብ አልበላ ብሏት ከርማለች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። እኛ የምንኖረው አባቴ በሹፌርነት፣ እናቴ በምግብ አብሳይነት ከሚሠሩበት ቪላ ጓሮ፣ ሙልሀቅ በሚሏት ሁለት ክፍል ቤት ነው። የቪላው እመቤት ማዳም ዓይሻ ሶፋ አዋሱን። ዛኪያ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ወስዳ በዋዜማው ከአቡዳቢ መጥታለች። አባቴ አልጋ አወጣ፣ ምንጣፍ አራገፈ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ሳምቡሳ እየጠበሰች ግራና ቀኝ ትዕዛዝ ታወርዳለች።

"ዛኪያ፣ ትሪውን እንዳትነኪ። እኔ ነኝ የማቀርበው። ክንድሽ አንድ ነገር ቢሆን ኸላስ፣ አለቀልን።"

"እትዬ፣ ለምን እውነቱን አንነግራቸውም? አንድ ቀን ማወቁ አይቀር።"

"ካገባሽ በኋላ ይወቅ። ያኔ የራሱ ጉዳይ ነው።"

ዛኪያ ቀና ሳትል ሽንኩርቷን እየከተፈች ፈገግ አለች። እኔም የገባኝ መሰለኝ። ሙሽራ ፀጉሯን ከሰርግ በፊት አታሳይም፤ ይህንንም እንደዚያው ነው የምታደርገው።

"አንቺ ደግሞ" አለች እናቴ ወደኔ ዞራ፣ ከጥጉ ላይ ትራስ አስቀምጣ፣ "እዚህ ነው የምትቀመጪው። እጅሽ ጭንሽ ላይ፣ እግርሽ መሬት ላይ። ዛሬ እንኳን እንደ ሰው ልጅ ቁጭ በይ።"

መጡ። ሁለት ናቸው። ሸህ ሙጃሂድ ነጭ በነጭ ለብሰው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። በአገራቸው ስመ ጥር ወጌሻ ነበሩ፤ ስንቱን የወለቀ እንደመለሱ አቡዳቢ ድረስ ይወራላቸዋል። አብረዋቸው የመጡት አቶ አያሌው ክርስቲያን ናቸው፤ ከሙንዲር አባት ጋር ያደጉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ቫኑን እየነዳ ያመጣቸው ሙንዲር ራሱ ነው፤ ግን ጠያቂ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ መኪናው ውስጥ ቀረ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ አባቴ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ሸህ ሙጃሂድ።

የማዳም ሶፋ አስፈርቷቸው መሰለኝና "አይቆሽሽም፣ ፕላስቲክ አለው" አልኳቸው። አባቴ በዓይኑ ቀጣኝ።

የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ ተቀበሉን አሉ። አባቴ እንደ ደንቡ ትንሽ ካስለመነ በኋላ ተቀመጡ። ከዚያ አቶ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጸባዩን ብትጠይቁኝ፣ አቡዳቢ መንገድ ላይ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲነዳ የፍጥነት ራዳር አንድ ቀን ብልጭ ብሎበት አያውቅም።"

"ማሻአላህ" አለ አባቴ ከልቡ። እሱ ላይ ራዳር ብልጭ ሳይል ያለፈ ወር የለም።

"ካፊሉ፣ አሠሪው ማለቴ ነው፣ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ጀምሯል። ከአፉ ክፉ ቃል አይወጣም። የናንተዋስ?"

"ኧረ የኛ ልጅ ምን ሙያ አላት ብላችሁ" አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ። "ወጡንም ያን ያህል አትችለው። እኛም እንደምታዩን ነን።"

የሴት ወገን ልጁን እንደማያሞግስ፣ ይህም ጨዋነት መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን የታየኝ ግን ግጥሚያ ነው፤ እነሱ ያገቡብናል፣ እኛ ኳሱን አንስተን እንሰጣቸዋለን። ዛኪያ ኩሽና ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። በቤታችን ካለው ሀብት ሁሉ የሚበልጠውን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ማለት አላስቻለኝም። ተነሳሁ።

"መጀመሪያ ማሻአላህ በሉ" አልኳቸው።

"ማሻአላህ" አሉ ሸህ ሙጃሂድ፣ ቁርአን የምቀራላቸው መስሏቸው። አቶ አያሌውም "እሰይ የኔ ልጅ" አሉ።

አውራ ጣቴን ክንዴ ላይ አስተኛሁት። ጣቶቼን ተራ በተራ ወደ ኋላ አጠፍኳቸው። የክርኔን ቆዳ ስቤ ለቀቅሁት። ፈዘው ሲያዩኝ ጊዜ ወደዱት ብዬ ቀኝ ክንዴን በማጅራቴ ዙሪያ አዙሬ በወዲያኛው በኩል አገጬን ያዝኩበት።

"አክስቴን ደግሞ ብታዩ" አልኩ አገጬን እንደያዝኩ።

ሸህ ሙጃሂድ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ያህያ፣ ይህቺ ልጅ ወልቃለች።"

"ኧረ ደህና ናት ሸህ..."

"ክንዷ እንዲህ ተጠምዝዞ ደህና ናት ትለኛለህ? ወድቃ ነበር?"

አባቴ ሁለት መልስ ነበረው። "አልወደቀችም፣ ተፈጥሮዋ ነው" ቢል የዛኪያ ጋብቻ እዚያው ይፈርሳል። "ወድቃ ነው" ቢል ልጁን ለወጌሻ ማስረከቡ ነው። እኔን አየኝ፣ የኩሽናውን በር አየ።

"ትንሽ... ወደቅ ብላ ነበር" አለ።

"ዘይት አምጡ" አሉ ሸህ። ዘይቱን ግን አልጠበቁም። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን በሌላው ክንዴን ያዙና አዙረው ሳቡ። አያያዛቸው የሚያውቅ ሰው አያያዝ ነበር፤ ሌላ ልጅ ላይ ቢሆን ምናልባት ምንም አያመጣም። እኔ ላይ ቋ አለ።

"አሁን ነው የወለቀው" አልኳቸው። ከዚያ ሕመሙ መጣና ጮህኩ።

እናቴ ትሪውን ይዛ እየገባች ነበር። "ልጄን" ልትል አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተች። ትሪው ወደቀ፣ ሳምቡሳው በማዳም ሶፋ ሥር ተበተነ፣ አፏ ግን አልዘጋ አለ። መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቶ ተቆልፏል።

"አይዞሽ እህቴ፣ ደንግጠሽ ነው" አሏት አቶ አያሌው። "ቀስ ብለሽ ዝጊው።"

"አአአ" አለች እናቴ።

ሸህ ሙጃሂድ እጅጌያቸውን ሳያወርዱ ወደሷ አንድ እርምጃ ተራመዱ። አባቴ፣ ሽማግሌ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባቴ፣ መሐል ገብቶ ቆመ።

"ሸህ፣ ይቅርብን" አለ።

ዛኪያ እንዳትወጣ መባሏን ረስታ ከኩሽና ወጣች፣ አቀፈችኝና ወደ ውጭ ሮጠች። ሙንዲር ከቫኑ ወርዶ ተቀበለን። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነበር። ምን ሆናችሁ እንኳን ሳይል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንቺ አትሸከሚያት፣ ለኔ ስጪኝ" አላት። ጉልበቱን ሊያሳያት ፈልጎ መሰለኝ። ዛኪያ ብዙ ቆይታ እየሳቀች እንደነገረችኝ ግን፣ አል ባጢን ውስጥ የሕፃን ጋሪ ስታነሳ ትከሻዋ ወልቆ ክሊኒክ ያደረሳት የጎረቤት ሹፌር እሱ ነበር። የተዋወቁት በዚያ ነው። ለእናቴ የተነገራት "በዘመድ በኩል" የሚል ነው። እናቴ ያን ሁሉ ስትደብቅ የከረመችው አስቀድሞ ከሚያውቅ ሰው ነበር።

ሁላችንም ቫኑ ውስጥ ተጫንን። እናቴ የተከፈተ አፏን በሻሿ ሸፍና መስኮት በኩል ተቀመጠች፤ መብራት በያዘን ቁጥር የጎን መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ያዩዋታል፣ እሷም መልሳ ታያቸዋለች። ከኋላ ሸህ ሙጃሂድ አስተግፊሩላህ ይላሉ።

"ልጅ ልንለምን መጥተን ልጅ ሰበርን" አሉ አቶ አያሌው።

"አልሰበርኩም" አሉ ሸህ። "ያወለቅሁት ነው።"

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሱአድ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች። ትከሻዬን መለሰችልኝ፤ ክንዴን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። የእናቴንም መንጋጋ ጓንት አድርጋ በሁለት አውራ ጣቶቿ ተጭና አስገባችውና ከአገጯ እስከ አናቷ በፋሻ ጠምጥማ "ዛሬ አፍሽን እንዳትከፍቺ" አለቻት። ለዚያ ቀን የምትናገረውን ስታሰናዳ የከረመችው እናቴ አንድ ቃል እንኳን ሳትተነፍስ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዶክተሯ ጣቶቼን፣ ክርኔን፣ ጉልበቴን እያጠፈች አየች። እኔም ሐኪም ማሻአላህ ባይልም ችግር የለውም ብዬ የምችለውን ሁሉ አሳየኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ወደ ትልልቆቹ ዞረች።

"ሰውነትን የሚያያይዝ ነገር አለ" አለች በዓረብኛ። "አጥንትን ከአጥንት፣ ቆዳን ከሥጋ። ልብስ በክር እንደሚያያዘው ማለት ነው። የዚች ልጅ ክር አልተበጠሰም፤ ላላ ብሎ ነው የተሰፋው። መገጣጠሚያዋ ቶሎ ከቦታው ይወጣል። መታሸትና መጎተት ይጎዳታል፤ የሚጠቅማት ጡንቻዋን ማጠንከር ነው።"

መታሸትና መጎተት ስትል ሸህ ሙጃሂድ ወለሉን አዩ። እኔ ደግሞ በልቤ የሠፈራችንን ልብስ ሰፊ ወቀስኩት፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ጠርዝ የሚሰፋው እሱ ነው፣ ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ አያውቅም። ዛሬ አቡዳቢ፣ ሳዲያት ደሴት ላይ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ፤ እንግዶች አንጓዬ ላይ የማስረውን ድጋፍ አይተው ሲጠይቁኝ "የተያያዥ ህብረ ሕዋስ ችግር ነው" እላቸዋለሁ። አመስግነውኝ በፍጥነት ወደ ሊፍቱ ይሄዳሉ። የዶክተር ሱአድ አነጋገር ይሻል ነበር።

"ይሄ በዘር የሚመጣ ነው" ስትል ቀጠለች። "ከእናቷ ነው ከአባቷ?"

እሷ የጠየቀችው ለሕክምናው ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሐበሾች ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሰሙት። ከእናቴ ከሆነ ከዛኪያም ነው ማለት ነው። አቶ አያሌው ተስተካክለው ተቀመጡ። ዛኪያ እጇን ከፊቷ አጣጥፋ ቆመች። ሙንዲር ከበሩ አጠገብ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል።

"በኔ ወገን ነው" አለ አባቴ ቶሎ ብሎ።

"ጥሩ" አለች ዶክተሯ። "እስቲ ጉልበትዎን ሳያጥፉ ጎንበስ ይበሉና መዳፍዎን መሬት ያስነኩ።"

አባቴ ጎንበስ አለ። እጁ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። አቃሰተ፣ ፊቱ ቀላ፣ ከወገቡ አካባቢ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ እጁ ግን ከጉልበቱ አልወረደም።

"ዛሬ ብዙ ስለተቀመጠ ነው" አሉ አቶ አያሌው ሊያግዙት።

"አውራ ጣትዎንስ?"

አባቴ ጣቱን ገፋው። ጣቱ እምቢ አለ። ዶክተሯ አልሳቀችም።

"ይሄን የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። አብዛኛው ሰው ላይ ችግሩ መገጣጠሚያ ላይ ያበቃል። አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ግን ከልብ የሚነሳውን ትልቁን የደም ቧንቧም ያላላዋል። ያ ሳይታወቅ ከቆየ ይገድላል። በወገንዎ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። ስለ ወገብ መዋሸት ሌላ፣ ስለዚህ መዋሸት ሌላ ነው።

እናቴ ዛኪያን አየቻት፤ ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየቻት። ቀጥሎ ጨርቅ ላይ የተንጠለጠለውን ክንዴን አየች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሳች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ እግሯን ገጠመችና፣ ሳትቸኩል፣ ጉልበቷ ሳይታጠፍ፣ ሁለት መዳፎቿን ወለሉ ላይ ዘርግታ አሳረፈቻቸው። እንደዚያ ሆና ቆየች፤ ሸህ ሙጃሂድም አቶ አያሌውም በደንብ እስኪያዩ። ቀና ስትል መናገር ስለማትችል እጇን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ የረጅም ሰው ቁመት አሳየች፤ ከዚያ ደረቷን መታች።

"ወንድማችን አሚን" አለች ዛኪያ። "ገበያ መሐል ደረቴን ብሎ ወደቀ። በኛ ወገን ነው ዶክተር። እኔም እንደ እህቴ ነኝ።" ከእናቴ ጎን መጥታ እሷም መዳፏን መሬት አስነካች።

ሸህ ሙጃሂድ ወደ በሩ ዞሩ።

"ሙንዲር፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ ሸህ።"

"የሚወለዱት ልጆችም እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ ነው የምትለው ዶክተሯ።"

"ሰምቻለሁ። ጎትተው የማያወልቁብኝ ከሆነ እኔ ምንም ችግር የለብኝም። እርስዎ ብቻ አይንኩብኝ።"

አቶ አያሌው ሳቃቸውን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን አሳበቀባቸው። ሸህ ሙጃሂድ ለመቆጣት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት አልጋ መጥተው ጎንበስ አሉና "አፉ በይኝ ልጄ" አሉኝ። ቀና ብለውም "በሉ እዚሁ ፋቲሃ ቀርተን የጋብቻውን ጉዳይ እንጨርስ" አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሦስታችንንም ልብ በማሽን አዩልን። የዛኪያና የኔ ደህና ነበር። የእናቴ የደም ቧንቧ ሰፍቶ ተገኘ፤ አቡዳቢ ተወስዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እንደ ወንድሟ ትሆን እንደነበር ለአባቴ ነግሮታል። አባቴ ይህን ለኔ የነገረኝ ካገባሁ በኋላ ነው፤ ሲነግረኝም አለቀሰ። እናቴ ዛሬም አለች፤ የዛኪያንና የሙንዲርን ልጆች ዋና እየወሰደች ጡንቻቸውን ታስጠነክራለች።

ያን ቀን በዚያች የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የማውቀው አንድም አልነበረም። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ፋቲሃ ሲቀራ፣ አቶ አያሌውም ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ሲሉ፣ እኔ አኩርፌ ፊቴን አዞርኩ። አባቴ ወገቡን እያሸ አጠገቤ መጣ።

"ምን ሆንሽ፣ አመመሽ?"

"እማ በለጠችኝ።"

አባቴ እናቴን አየ። ፋሻዋ በእንባ ርሶ ነበር፤ እህቷን በአንድ እጇ አቅፋ ይዛታለች።

"እኔንም" አለኝ።